ከ0 እስከ 4,095፦ የሜይንፍሬም አሰምብለር የአድራሻ አሠራር

በአይቢኤም ሜይንፍሬም አሰምብለር የተጻፈ ፕሮግራም በማህደረ ትውስታ ውስጥ ያለ ቁጥር ወይም ስም ሲፈልግ የፈለገውን ነገር ሙሉ አድራሻ ትዕዛዙ ውስጥ አይጽፍም። የሚጽፈው የአንድ ሬጂስተር ቁጥርና አንድ ርቀት ነው። ሬጂስተሩ መነሻ አድራሻውን ይይዛል፤ ርቀቱ ደግሞ ከመነሻው ስንት ባይት ወደፊት እንደሚኬድ ይናገራል። ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ታች ሦስተኛው በር ብሎ ቤት እንደመጠቆም ነው፤ ቤተ ክርስቲያኑን ያወቀ ቤቱን አያጣም። መነሻውን የያዘው ሬጂስተር ቤዝ ሬጂስተር፣ ርቀቱ ዲስፕሌስመንት ይባላል። በመደበኛው አሠራር ዲስፕሌስመንት ከ0 አያንስም፣ ከ4,095 አይበልጥም። የአሰምብለር ፕሮግራመሮችን ለአሥርት ዓመታት ሲያስጨንቅ የኖረው ይህ ጣሪያ ነው።

አሠራሩ የመጣው አይቢኤም አፕሪል 7 ቀን 1964 ይፋ ካደረገው ሲስተም 360 ጋር ነው። (ዓመታቱ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ከዚያ በፊት የነበሩት የአይቢኤም ማሽኖች አድራሻውን በቀጥታ ትዕዛዙ ውስጥ ያስቀምጡ ነበር። ለምሳሌ አይቢኤም 7090 በእያንዳንዱ ትዕዛዝ 15 ቢት ለአድራሻ ስለመደበ ከ32,768 ዎርድ በላይ ማህደረ ትውስታ መድረስ አይችልም ነበር። ተጨማሪ ማህደረ ትውስታ ቢገዛ እንኳ ትዕዛዙ የሚያመለክትበት ቦታ የለውም። የሲስተም 360 ነዳፊዎች ጂን አምዳል፣ ጌሪት ብላውና ፍሬድ ብሩክስ የተሰጣቸው ሥራ ደግሞ ከዚህ የከበደ ነበር። ከትንሽ እስከ ትልቅ ያሉ ማሽኖች ሁሉ አንድ ዓይነት ትዕዛዝ እንዲቀበሉ ያስፈልጋል። የትልቁ ማሽን አድራሻ 24 ቢት ይሆናል፤ ይህም 16,777,216 ባይት ድረስ ይሄዳል። ከትንንሾቹ አንዱ የሆነው ሞዴል 30 ግን በ8,192 ባይት ማህደረ ትውስታ ብቻ ሊሸጥ ይችላል። ትልቁን ብለው አድራሻውን ቢያስረዝሙ ትንሹ ማሽን በአድራሻ ብቻ ይሞላል።

ሒሳቡን በአንድ ትዕዛዝ ላይ ማየት ይቻላል። ከአንድ ቦታ ወደ ሌላ ቦታ ፊደላትን የሚገለብጠው ትዕዛዝ ሁለት አድራሻ ይፈልጋል። ለትዕዛዙ መለያ 8 ቢት፣ ለሚገለበጠው ርዝመት 8 ቢት፣ ለሁለቱ አድራሻዎች 24፣ 24 ቢት ቢሰጥ ድምሩ 64 ቢት ወይም 8 ባይት ይወጣል። ነዳፊዎቹ አድራሻውን ወደ 16 ቢት አወረዱትና ትዕዛዙ 6 ባይት ሆነ። ከ16ቱ ቢት 4ቱ የሬጂስተር ቁጥር ይይዛሉ፤ ሬጂስተሮቹ ከ0 እስከ 15 ድረስ 16 ስለሆኑ 4 ቢት ይበቃል። የቀሩት 12 ቢት ለርቀቱ ዋሉ። በ12 ቢት የሚጻፈው ትልቁ ቁጥር 4,095 ነው። ቁጥሩ የተለየ ምስጢር የለውም፤ ከተከፈለው የተረፈ ነው። ሙሉው አድራሻ የሚቀመጠው በዚያን ጊዜ 32 ቢት ስፋት በነበረው ሬጂስተር ውስጥ ነው።

አንድ ትዕዛዝ ቀረብ ብሎ መመልከት ነገሩን ግልጽ ያደርገዋል። ፕሮግራመሩ ድምር ብሎ የሰየመውን ቁጥር ወደ ሬጂስተር 3 መጫን ፈለገ እንበል። ድምር ያለው ከፕሮግራሙ መነሻ 676 ባይት ርቆ ነው፤ መነሻውን የያዘው ደግሞ ሬጂስተር 12 ነው። አሰምብለሩ የሚያወጣው ትዕዛዝ በቢት ሲጻፍ ይህን ይመስላል፦

0101 1000 0011 0000 1100 0010 1010 0100

የመጀመሪያዎቹ 8 ቢቶች «ጫን» ማለት ናቸው። ቀጥሎ ያለው 0011 መድረሻው ሬጂስተር 3 መሆኑን፣ 1100 ቤዙ ሬጂስተር 12 መሆኑን ያመለክታል፤ የመጨረሻዎቹ 12 ቢቶች 676 ናቸው። መሀል የገባው 0000 ወደ አድራሻው የሚደመር ሌላ ቁጥር የሚይዘው የኢንዴክስ ሬጂስተር ቦታ ነው፤ እዚህ ላይ ባዶ ነው። ፕሮግራሙ ዛሬ አድራሻ 73,728 ላይ ቢጫን ማሽኑ 676 ጨምሮ 74,404 ላይ ያለውን ያነባል። ነገ 155,648 ላይ ቢጫን ትዕዛዙ ሳይነካ 156,324 ላይ ያለው ይነበባል። የተለወጠው በሬጂስተር 12 ውስጥ ያለው ቁጥር ብቻ ነው። ብዙ ፕሮግራሞች አንድ ማህደረ ትውስታ በሚጋሩበት ማሽን አንዱ የት ቦታ እንደሚደርሰው አስቀድሞ አይታወቅምና ይህ ትልቅ ጥቅም ነበር።

ጥቅሙ ግን የተሟላ አልነበረም። ፕሮግራሙ መሥራት ከጀመረ በኋላ ሬጂስተሮቹ እውነተኛ አድራሻ ስለሚይዙ፣ አንዳንዶቹም ወደ ማህደረ ትውስታ ስለሚገለበጡ፣ ሥራ መሀል አንስቶ ሌላ ቦታ ማስቀመጥ አይቻልም። ለዚያ መፍትሔ የሆነው በማሽኑ ውስጥ የሚካሄደው የአድራሻ ትርጉም ነው። በሲስተም 360 ቤተሰብ መጀመሪያ በሞዴል 67 ታየ፤ በ1972 ደግሞ ቨርቹዋል ማህደረ ትውስታ በሚል በተተኪው በሲስተም 370 ላይ መደበኛ ሆነ።

ከሬጂስተሮቹ አንዱ የተለየ ነው። በቤዝ ቦታ 0 ከተጻፈ ማሽኑ በሬጂስተር 0 ውስጥ ያለውን ቁጥር አይወስድም፤ ቤዝ የለም ብሎ ዜሮ ይደምራል። ስለዚህ ሬጂስተር 0 ቤዝ መሆን አይችልም። በአንጻሩ የማህደረ ትውስታው የመጀመሪያ 4,096 ባይት ያለ ምንም ቤዝ ይደረስበታል። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ወሳኝ ጠቋሚዎቹን እዚያ ማስቀመጡ ለዚህ ነው። ኤምቪኤስ በተባለው የአይቢኤም ኦፐሬቲንግ ሲስተምና በተተኪዎቹ አድራሻ 16 ላይ ሲቪቲ ወደሚባለው ዋና ሰንጠረዥ የሚያመራ ጠቋሚ አለ። ሲስተሙ ውስጥ አንድ ነገር የሚፈልግ ፕሮግራም ብዙ ጊዜ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ኢንዴክሱም የራሱ ወጥመድ አለው። ለምሳሌ በጫን ትዕዛዝ (ኤል) «ኤል 3,4(5)» ብሎ የጻፈ ሰው ሬጂስተር 5ን ቤዝ ያደረገ ይመስለዋል፤ አሰምብለሩ ግን 5ን የሚወስደው እንደ ኢንዴክስ ነው። ቤዝ እንዲሆን ከፊቱ ኮማ ያስፈልጋል፦ «ኤል 3,4(,5)»። ድምሩ አንድ ዓይነት ስለሆነ ፕሮግራሙ በአብዛኛው ይሠራል፤ ስሕተቱም ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል። ልዩነቱ የሚወጣው ማሽኑ አክሰስ ሬጂስተር በሚባለው ሞድ ሲሠራ ነው። በዚያ ሞድ የትኛው የአድራሻ ክልል እንደሚነበብ የሚወስነው ቤዙ እንጂ ኢንዴክሱ አይደለም።

ፕሮግራመሩ ርቀቶችን በእጁ ቢቆጥር ሥራው አያልቅም። ይህን የሚያደርግለት አሰምብለሩ ነው፤ የትኛው ሬጂስተር ምን እንደያዘ ግን ሊነገረው ይገባል። የሚነገረው ዩዚንግ በተባለው መመሪያ ነው። እዚህ ላይ ጀማሪዎች ሁሉ የሚሰናከሉበት ነገር አለ። ዩዚንግ ለማሽኑ የሚሰጥ ትዕዛዝ አይደለም፤ አንድም ባይት አያወጣም፣ ሬጂስተሩም ውስጥ ምንም አያስገባም። ፕሮግራመሩ ለአሰምብለሩ የሚገባው ቃል ነው፦ ፕሮግራሙ በሚሠራበት ሰዓት ይህ ሬጂስተር ይህን አድራሻ ይዞ ይገኛል። ቃሉን መፈጸም የፕሮግራመሩ ፋንታ ነው። አሰምብለሩ የሚያረጋግጥበት መንገድ የለውም፤ ያምናል፣ በዚያው ሒሳብ ርቀቱን ያሰላል።

የቆየው የፕሮግራም አጀማመር ሁለት መስመር ነው። የመጀመሪያው «ባልር 12,0» ነው፤ ቀጥሎ ያለውን ትዕዛዝ አድራሻ በሬጂስተር 12 ውስጥ ያስገባል። ሁለተኛው ቁጥር 0 ስለሆነ ወደ የትም አይዘልም። ሁለተኛው መስመር «ዩዚንግ *,12» ሲሆን ኮከቡ «እዚህ ቦታ» ማለት ነው። ሁለቱ መስመሮች ቦታ ቢለዋወጡ አሰምብለሩ ምንም ተቃውሞ አያሰማም። ነገር ግን ባልር ራሱ 2 ባይት ስለሚይዝ ቃሉና እውነቱ በ2 ባይት ይለያያሉ። ከዚያ ወዲያ ያለው እያንዳንዱ ንባብ 2 ባይት ያልፋል፤ ዝላዩም ብዙ ጊዜ የትዕዛዝ ወገብ ላይ ያርፋል። ዕድለኛ የሆነ ፕሮግራም ወዲያው በኤስ0ሲ1 ይወድቃል፤ ማሽኑ የማያውቀው ትዕዛዝ አጋጠመኝ ማለቱ ነው። ዕድለቢሱ ሳይወድቅ የተሳሳተ ቁጥር እየደመረ ይቀጥላል።

ለቤዝ የሚሆነውን ሬጂስተር መምረጥም ነፃ ምርጫ አይደለም። በአይቢኤም ልማድ አንድ ፕሮግራም ሌላውን ሲጠራ የተጠሪው መነሻ አድራሻ በሬጂስተር 15፣ የመመለሻው አድራሻ በ14፣ ሬጂስተሮች የሚቀመጡበት የ72 ባይት ቦታ አድራሻ በ13፣ የሚተላለፈው መረጃ ዝርዝር አድራሻ በ1 ይመጣል። ሬጂስተር 15ን እንዳለ ቤዝ ማድረግ ይቻላል፤ ሌላ ፕሮግራም በተጠራ ቅጽበት ግን ይጠፋል። ጽሑፍ እየመረመረ ፊደል የሚፈልገው ትዕዛዝ ደግሞ ሬጂስተር 1ንና 2ን ይለውጣል። እንዲህ እየተቀነሰ ሲሄድ ከላይ በኩል የሚተርፈው 12 ነው፤ በብዙ አሮጌ ፕሮግራሞች ቤዝ ሆኖ የሚገኘውም እሱ ነው።

ችግሩ የሚጀምረው ፕሮግራሙ ሲያድግ ነው። አንድ ቤዝ የሚሸፍነው 4,096 ባይት ሲሆን አንድ ትዕዛዝ በአማካይ 4 ባይት ያህል ቢይዝ ከሺህ ትዕዛዝ ብዙም አይበልጥም፤ ዳታውም ከዚያው ላይ ይቀነሳል። ለሃያ ዓመት ሲሠራ የኖረ ፕሮግራም ላይ አንድ ሰው ሁለት መስመር ይጨምራል፤ አሰምብለሩ ከነካው ቦታ እጅግ የራቀ መስመር ላይ ስሕተት ያወጣል። የዛሬው ሃይ ሌቭል አሰምብለር ቁጥሩ 034 በሆነ መልእክት ኦፐራንዱ ከዩዚንጉ ክልል በስንት ባይት እንዳለፈ ጭምር ይናገራል። ብዙ ጊዜ መጀመሪያ ከክልሉ የሚወጡት ሊተራል የሚባሉት ቋሚ ቁጥሮች ናቸው፤ አሰምብለሩ በልማዱ ሰብስቦ መጨረሻ ላይ ያስቀምጣቸዋልና።

መድኃኒቶቹ ብዙ ናቸው፤ ሁሉም ግን የሚያስከፍሉት አላቸው። ሊተራሎቹን ኤልቶርግ በሚባለው መመሪያ ቀረብ ወዳለ ቦታ ማምጣት ይቻላል። መሀል የተዘረጋ ትልቅ ሰንጠረዥ ካለ መጨረሻ ላይ አድርጎ በአድራሻ ቋሚ በኩል መድረስ ይሻላል። በብዛት የተለመደው ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ቤዝ መጨመር ነው። በዩዚንጉ ላይ 12፣ 11፣ 10 ተብሎ ሲጻፍ ክልሉ 12,288 ባይት ይሆናል። አዲሶቹ ሬጂስተሮች መሞላት አለባቸው፤ እዚህ ላይ ጣሪያው ራሱ መሰናክል ይሆናል። ሬጂስተር 11 ከ12 በ4,096 መብለጥ አለበት፤ በአንድ ትዕዛዝ በዲስፕሌስመንት የሚጨመረው ግን ቢበዛ 4,095 ነው። ስለዚህ ፕሮግራመሮች 4,095 ጨምረው ሌላ 1 ይጨምራሉ፣ ወይም 2,048ን ሁለት ጊዜ ይደምራሉ። በአሮጌ ፕሮግራም አናት ላይ እነዚህን ሁለት መስመሮች ያየ ሰው ፕሮግራሙ አንድ ቀን ከክልሉ ወጥቶ እንደነበር ያውቃል።

ሦስት ሬጂስተር ለኮድ የሰጠ ፕሮግራም ለሒሳብና ለዳታ የሚተርፈው ጥቂት ነው። ከዚያ በኋላ ሬጂስተር ማስቀመጥና መመለስ የሥራው ግማሽ ይሆናል። ቤዝ መደርደር ለእንደዚህ ዓይነቱ ፕሮግራም ማስታገሻ እንጂ ፈውስ አይደለም፤ የሚበጀው እያንዳንዱ የራሱ ቤዝ ባለው ትንንሽ ክፍል መከፋፈል ነው። ይህን በግዴታ ያደረጉም ነበሩ። የአውሮፕላን ትኬት ማስያዣ ሥራ የሚሠራው የአይቢኤም ኤሲፒ፣ ኋላም ቲፒኤፍ፣ ፕሮግራሞችን ከ4 ኪሎባይት በማይበልጡ ቁርጥራጮች ከፍሎ ነበር የሚያሠራው። የእያንዳንዱ ቁራጭ መነሻ ሬጂስተር 8 ላይ ይሆናል፤ ሁለተኛ ቤዝ የሚባል ጥያቄ አይነሳም። ገደቡ እዚያ የአጻጻፍ ሥርዓት ሆነ፤ ቁርጥራጮቹም በፍጥነት ከዲስክ የሚነሱና ለብዙ ጥያቄ በአንድ ጊዜ የሚያገለግሉ ሆኑ።

በዳታ በኩል አሠራሩ ከሸክምነት ወጥቶ ውብ ይሆናል። አንድ ባንክ የደንበኞችን ሒሳብ ከፋይል እያነበበ ነው እንበል። የእያንዳንዱ መዝገብ ቅርጽ አንድ ነው፦ የሒሳብ ቁጥር፣ ስም፣ ቀሪ ገንዘብ። ፕሮግራመሩ ቅርጹን ዲሴክት በሚባል ባዶ ንድፍ ይገልጻል። ንድፉ ማህደረ ትውስታ አይይዝም፤ ስሞችንና ርቀቶችን ብቻ ይዘረዝራል። ከዚያ በዩዚንግ ንድፉን ከሬጂስተር 5 ጋር ያያይዘዋል። መዝገብ በተነበበ ቁጥር አድራሻው ሬጂስተር 5 ውስጥ ይገባል፤ «ቀሪ ገንዘብ» የሚለው ስም ሁልጊዜ አሁን በእጅ ያለውን መዝገብ ያመለክታል። ሬጂስተሩን ወደሚቀጥለው መዝገብ ማንቀሳቀስ ብቻ ይበቃል። ሥራው ሲያልቅ ድሮፕ በሚባለው መመሪያ ቃሉ ይሰረዛል። ድሮፕ ከተረሳና ሬጂስተር 5 ለሌላ ሥራ ከዋለ አሰምብለሩ ያንኑ ስም መቀበሉን ይቀጥላል፤ ፕሮግራሙም የሌላ ቦታ መረጃ ያበላሻል ወይም ያልተፈቀደ ማህደረ ትውስታ ተነካ በሚለው ኤስ0ሲ4 ይቆማል።

ሁለት መዝገብ በአንድ ጊዜ ማነጻጸር ሲያስፈልግ ለብዙ ዓመታት ችግር ነበር፤ አንድ ንድፍ ከሁለት ሬጂስተር ጋር ቢታሰር ስሙ የትኛውን እንደሚል አይታወቅም። በ1992 የወጣው ሃይ ሌቭል አሰምብለር ለእያንዳንዱ ዩዚንግ የራሱ ስም እንዲሰጠው በመፍቀድ ይህን ፈታ። «የድሮው ቀሪ ገንዘብ»ና «የአዲሱ ቀሪ ገንዘብ» ብሎ መለየት ተቻለ።

የ1964ቱ ውሳኔ ያስገኘው ትልቁ ነገር የታየው አድራሻው ራሱ ባደገ ጊዜ ነው። ማሽኖቹ በ1983 ወደ 31 ቢት፣ በ2000 ደግሞ ዚ አርክቴክቸር በሚባለው ወደ 64 ቢት ሲያልፉ የትዕዛዞቹ ቅርጽ አልተነካም። ሙሉው አድራሻ በሬጂስተሩ ውስጥ እንጂ በትዕዛዙ ውስጥ ስላልነበረ በሬጂስተሩ ውስጥ የሚያዘውን አድራሻ ማስፋት በቂ ሆነ። የተቸገሩት አድራሻው 24 ቢት ብቻ ነው ብለው በሬጂስተሩ የመጀመሪያ 8 ቢት ላይ የራሳቸውን ምልክት ያስቀምጡ የነበሩ ፕሮግራመሮች ናቸው። ባይት በተወደደበት ዘመን ብልሃት የነበረው ነገር በ31 ቢት ዘመን የአድራሻ አካል ሆኖ ተገኘ።

4,095ን ራሱን የነኩት ለውጦች ዘግይተው መጡ። በ1990ዎቹ ያለ ቤዝ የሚዘሉ ትዕዛዞች ተጨመሩ። እነዚህ ርቀቱን የሚለኩት ከራሳቸው ከቆሙበት ቦታ ነው፤ ወደፊትም ወደኋላም 64 ኪሎባይት ያህል ይደርሳሉ። ዚ አርክቴክቸር ደግሞ ይህን በሁለቱም አቅጣጫ ወደ 4 ጊጋባይት የሚያደርስ ረጅም ቅርጽ ጨመረ። በ2003 ከዚ990 ማሽን ጋር ዲስፕሌስመንቱ ራሱ 20 ቢት የሆነባቸው ትዕዛዞች መጡ። ክልሉ ከ524,288 ባይት ወደኋላ እስከ 524,287 ባይት ወደፊት ሆነ። በዲስፕሌስመንት ወደኋላ መቁጠር ቀድሞ ፈጽሞ አልነበረም፤ ጠቋሚው ከሚያሳየው ቦታ በፊት የሚቀመጥ መረጃ ለማንበብ አድራሻውን በተለየ ትዕዛዝ መቀነስ ግድ ነበር። አወቃቀሩም ልብ ይባል፦ 12ቱ የድሮ ቢቶች ከነቦታቸው ተትተው፣ የተጨመሩት 8 ቢቶች ከእነሱ ቀጥሎ ተቀመጡ። ዋጋው የትዕዛዙ ርዝመት ነው፤ 4 ባይት የነበረው ጫን በረጅሙ ቅርጽ 6 ባይት ይይዛል።

በእነዚህ ትዕዛዞች ምክንያት ዛሬ ለኮዱ ቤዝ የሌለው ፕሮግራም መጻፍ ይቻላል። አሮጌ ፕሮግራም ማሻሻልም ከባድ አይደለም፤ አይኢኤቢአርሲኤክስ የሚባለው የአይቢኤም ማክሮ የድሮዎቹን ዝላዮች በጽሑፉ ውስጥ ሳይነካ ወደ አዲሶቹ ይለውጣል። ከዚያ በኋላ ቤዝ የሚፈልጉት ቋሚ ቁጥሮችና ዳታ ብቻ ይሆናሉ። እነሱን ከኮዱ ለይቶ በአንድ ቦታ መሰብሰብ ፍጥነትም ይጨምራል፤ ፕሮግራሙ የሚጽፍበት ቦታ ከትዕዛዞቹ ጋር በአንድ የካሽ መስመር ላይ ሲውል ዘመናዊ ፕሮሰሰር ክፉኛ ይዘገያል። አንድ ገደብ አለ፦ ከራስ ቦታ የሚለኩት ትዕዛዞች ርቀቱን በሁለት ሁለት ባይት ስለሚቆጥሩ ጎዶሎ አድራሻ ላይ ማመልከት አይችሉም። ጎዶሎ አድራሻ ላይ የወደቀ አንድ ፊደል በቤዝ በኩል ብቻ ይደረሳል።

ለኮድ ቤዝ ሬጂስተር መመደብ አዲስ በሚጻፍ ፕሮግራም ውስጥ አሁን ምክንያት የለውም። ሁለትና ሦስት ቤዝ የተደረደረበት አሮጌ ፕሮግራም በእጁ ያለ ሰውም አራተኛ ከመጨመሩ በፊት ዝላዮቹን ቢለውጥ ሬጂስተሮቹን ያስመልሳል። ለዳታ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ፕሮግራሙ እየሠራ የሚጠይቀው ማህደረ ትውስታ የት እንደሚሰጠው ፕሮግራሙ በተጻፈበት ጊዜ አይታወቅም፤ ከትዕዛዙ ቦታ የሚለካ ርቀትም ሊኖረው አይችልም። እንዲህ ያለው መረጃ ዛሬም የሚነበበው በቤዝ ሬጂስተርና በዲስፕሌስመንት ነው፤ መዝገቡ ከ4,096 ባይት ካልበለጠ ደግሞ በ1964ቱ አጭር ትዕዛዝ።